ከቤት ወጥቶ ቤተኛ መሆን

እንደምን ዋላችሁ። ርዕሱ ብቸኝነት ሆኖ አዳራሹ መሙላቱ ራሱ ደስ ይላል። ከመካከላችሁ ከቤት ሆናችሁ የምትሠሩ አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከቤት የሚሠራ ልጅ፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ባልደረባ አሳስቧችሁ ነው የመጣችሁት። ዛሬ አብዛኛውን የማወራው ለእናንተ ለሁለተኞቹ ነው። የመጀመሪያዎቹም ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳትሉኝ፤ የምናማው እናንተን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየቦታው እየደጋገምኩ እንዳላሰለቻችሁ ከወዲሁ ልናገር።

በአንድ ኩባንያ ታሪክ ልጀምር። ሲትሪፕ ይባላል፤ ትልቅ የቻይና የጉዞ ድርጅት ነው። በ2010 መጨረሻ ሻንጋይ ካለው የጥሪ ማዕከሉ ከቤት መሥራት የሚፈልጉ ሠራተኞችን ሰበሰበና በልደት ቀናቸው ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ በሳምንት አራት ቀን ከቤት፣ አንድ ቀን ከቢሮ እንዲሠሩ ተደረገ። ሌሎቹ እንደ ድሮው ቢሮ ቀሩ። ሙከራው ዘጠኝ ወር ቆየ። ያጠኑት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከቤት የዋሉት 13 በመቶ የበለጠ ሥራ ሠሩ። ሥራ ጥሎ የሚሄደው ሰውም በግማሽ ቀነሰ። ኩባንያው ደስ ብሎት "በሉ እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ ምርጫው የእናንተ ነው" አለ። ይሄኔ ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ።

ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር። ልብ በሉ፤ የመንገዱ እንግልት ቀርቶላቸዋል፣ ሥራው ሰምሮላቸዋል፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቢሮ ይገባሉ። እንዲያም ሆኖ አልቻሉትም።

ይህን የምነግራችሁ "ወደ ቢሮ ተመለሱ" ለማለት አይደለም። ያንን የሚል አለቃ ሞልቷል። ብዙ ሰው የሚመለስበት ቢሮም የለው። ቀጣሪው ሌላ አገር ነው፣ ወይም ድርጅቱ ከነጭራሹ ቢሮ የለውም፣ ወይም ቤት ውስጥ ትቶት የማይወጣው ትንሽ ልጅ ወይም የታመመ ወላጅ አለ። ታሪኩን የወደድኩት ብቸኝነት የሰነፍ ወይም ያልሆነለት ሰው በሽታ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ሥራው እየሰመረለት ውስጡ የሚደርቅ ሰው አለ። ከውጭ ስታዩት ምንም አልጎደለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች 1ዱን ብቸኝነት ያጠቃዋል ይላል። ብሪታንያ በ2018፣ ጃፓን በ2021 ጉዳዩን የሚከታተል ሚኒስትር እስከመሰየም ደርሰዋል። እሱን እዚህ ላይ ልተወው። በሪፖርት ጓደኛ ያገኘ ሰው የለም።

ለመሆኑ ቢሮ ምን ይሰጠን ነበር? ቶሎ የሚመጣልን መልስ "ጓደኛ" የሚለው ነው። እኔ ከቤት መሥራት ስጀምር ግን የናፈቁኝ ጓደኞቼ አልነበሩም። ለእነሱ እደውላለሁ። የናፈቁኝ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሰኞ ሰኞ ስለ ኳስ ሁለት ቃል የሚወረውርልኝ የበር ጥበቃ። ሊፍት ውስጥ የምንገናኘው የሌላ ፎቅ ሴትዮ። ወረቀት በያዘ ቁጥር ፕሪንተሩን በጥፊ የሚመታው የሂሳብ ክፍል ልጅ። ከእነዚህ ጋር ቁም ነገር አውርተን አናውቅም። ሁለት ቀን ስቀር ግን "ምነው ጠፋህ?" ይሉኛል።

ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ላላ ያለ ትውውቅ ቁም ነገር ብለው ተነሱ። እሳቸው ያዩት ከሥራ ፍለጋ አንጻር ነው። ሰው ስለ ክፍት ሥራ የሚሰማው ዘወትር አብሮት ከሚውለው ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኘው ሰው ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጄ የሚያውቀውን እኔም ቀድሜ አውቄዋለሁ። ጊሊያን ሳንድስትሮምና ኤልዛቤት ደን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2014 ጉዳዩን ወደ ስሜት አመጡት። ካፌ የሚገቡ ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ አስተናጋጁን ዓይኑን እያዩ፣ ፈገግ ብለው፣ ጥቂት እንዲጫወቱ ተነገራቸው። ሌሎቹ ጣጣ ሳያበዙ ከፍለው እንዲወጡ። የተጫወቱት ደስ ብሏቸው ወጡ፤ የዚያ አካባቢ ሰው የመሆን ስሜትም ይበልጥ አደረባቸው። ያወሩት እኮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ከቤት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው ይህንን ነው። ለቅርብ ወዳጅ ይደወላል። ለበር ጥበቃ ማን ይደውላል?

የእንዲህ ዓይነቱን ሰው አንድ ቀን ቀረብ ብለን እንየው። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ጥቂት እርምጃ ነው። ጠዋት ሚቲንግ አለው። ከኋላው ያልተነጠፈው አልጋ ስለሚታይ ካሜራውን ያጠፋል። "ሰላም ለሁላችሁ" ይላል። ማይኩ ዝግ ነው፤ ማንም አልሰማውም። ደግሞ ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የሚናገረው በጣቱ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ዕቃ አድራሽ በሩን ያንኳኳል። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁ ጎርነን፣ ሻከር ብሎ ይወጣል። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይሞክራል። ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረበትማ! ይኸው ስትስቁ አየሁ፤ ይህችን የድምፅ ነገር የምታውቋት እናንተው ናችሁ።

"ቤተሰብ አለው አይደል?" የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ብዙ ቤት የሚታመሰው በዚህ ነው። ሮበርት ዋይስ የሚባሉ ሌላ ምሁር፣ እንዲሁ በ1973፣ ብቸኝነትን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ልብን የሚጥሉበት የቅርብ ሰው ማጣት ነው። ሁለተኛው በሰዎች መካከል ቦታ ማጣት ነው፤ ማለትም የሚያውቁኝ፣ የሚጠብቁኝ፣ ስቀር የሚጠይቁኝ ሰዎች አለመኖር። አንዱ የሌላውን ጉድጓድ አይሞላም ነው የሚሉት። ደስተኛ ትዳር ያለው ሰው በሁለተኛው ሊሰቃይ ይችላል። ሃምሳ ሰው የሚያውቀው ሰው በመጀመሪያው ሊሰቃይ ይችላል።

እና ሰውየው "ብቸኝነት ተሰማኝ" ሲል ሚስቱ "እኔ አልበቃህም ማለት ነው?" ብላ ትሰማዋለች። እሱ ግን ስለ እሷ አላወራም። በዚያ ላይ የሰዓት አለመገጣጠም አለ። እሷ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ ውላ ነው የምትገባው፤ ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ያምራታል። እሱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመውን ወሬ ይዞ በር ላይ ይጠብቃታል። እዚያች በር ላይ የሚነሳው ኩርፊያ ብዛቱ! ስለዚህ መርዳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የትኛው እንደጎደለ ይጠይቅ። "የልብህን የምትነግረው ሰው አጣህ ወይስ የምትሄድበት ቦታ?" በሉት። መልሱ "ቦታ" ከሆነ እናንተ ምንም ያህል ብትወዱት ያንን ቦታ ልትሆኑለት አትችሉም። እናንተን የሚያስቀይም ነገርም የለበትም።

አሁን ወደተለመደው ምክር እንምጣ። "ውጣ እንጂ! ከሰው ተቀላቀል! ምን ቤት ይጎልትሃል?" ምክሩ በፍቅር ነው የሚሰጠው። ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ጆን ካቺዮፖ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠኑት ኖረዋል። ብቸኝነትን ያዩት የነበረው እንደ ረሃብ ነው፤ ሰውነት "የሆነ ነገር ጎድሎኛል" ሲል የሚያሰማው ጥሪ። ልዩነቱ የሚመጣው ሲቆይ ነው። የራበው ሰው ምግብ ሲያይ እጁን ይዘረጋል። ብቸኝነት የቆየበት ሰው ግን ሰው ሲያይ ይጠነቀቃል፣ ይጠረጥራል። ሰላም ያለው ሰው ካልመለሰለት "አላየኝም" አይልም፤ "ንቆኝ ነው" ይላል። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከሳቁ በእሱ የሳቁ ይመስለዋል። በ2011 ካቺዮፖና ባልደረቦቻቸው ብቸኝነትን ለማቃለል የተሞከሩ ብዙ ዘዴዎችን አወዳደሩ። ከሰው የሚገናኙበትን ዕድል ከማብዛት ይልቅ ይህንን የተጣመመ ግምት ማቃናት የተሻለ ውጤት ነበረው።

"ውጣ" የምትሉት ሰው እንግዲህ ይህንን ጥርጣሬ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ይዞት ይሄዳል፣ ይዞት ይመለሳል። ከዚያ "አልኳችሁ አይደል፣ አይሆንም" ይላል።

ግምቱ የተሳሳተ መሆኑ ግን በጥናት የታየ ነው። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ያሳተሙት ሥራ ወደ ቺካጎ በባቡር የሚመላለሱ ሰዎችን የተመለከተ ነው። አጠገባቸው ከተቀመጠ የማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ደስ የማይል ነገር እንደሚሆን ገምተው ነበር። ያወሩት ግን ዝም ብለው ከተቀመጡት የተሻለ ጉዞ እንደነበራቸው ተናገሩ። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ የተዋወቁ ሰዎችን "ያ ሰው ምን ያህል የወደደሽ ይመስልሻል?" እያለ ጠየቀ። ሰዎች በእርግጥ ከተወደዱት ያነሰ ነበር የሚገምቱት። እስቲ አስቡት፤ ሁለቱም ቤታቸው ገብተው "ምን ዓይነት የማይረባ ነገር ነው ያወራሁት" እያሉ ራሳቸውን ይበላሉ። ሁለቱም ደግሞ ሌላውን ወደውታል።

ይህንን ለብቸኛው ሰው ብትነግሩት ጥሩ ነው። አያምናችሁም እንጂ። በሩን የሚያሳልፈው ወሬ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ዋናው ጉዳዬም እሱ ነው።

ሰው ከሰው የሚላመደው በመመላለስ ነው። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ እነዚያው ሰዎች፣ ደግሞ ደጋግሞ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በ1950 የታተመ የሊዮን ፌስቲንገርና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለባለትዳር ተማሪዎቹ ባሠራቸው ቤቶች ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ ይመረምራል። ቤቱን የመረጠ ሰው የለም፤ የተሰጠውን ነው የገባበት። ወዳጅነቱ ታዲያ የተከተለው ጠባይን ሳይሆን በርን ነው። ጎን ለጎን ያሉት ተወዳጁ። ደረጃው ሥር የሚኖሩት ከላይ ፎቅ ካሉት ጋር ተወዳጁ፤ ሲወጡና ሲወርዱ ያገኟቸዋልና። ተግባቢው ሰው ሳይሆን መንገድ ላይ ያለው ሰው አሸነፈ ማለት ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ደግሞ በ2018 ሰዓቱን ቆጠሩት። የማያውቁት ሰው ቀለል ያለ ወዳጅ እስኪሆን 50 ሰዓት ያህል አብሮ መዋል ይጠይቃል። ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ። የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት፤ ግምት ነው። ግን ሒሳቡን ሥሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚገናኝ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው 50 ሰዓት የሚሞላለት በ25ኛው ሳምንት ነው። ግማሽ ዓመት! እኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄደን "አልተመቸኝም፣ ሙዱ የእኔ አይደለም" ብለን እንቀራለን። በሁለተኛው ሳምንትማ ለማንም አይመችም። አራት ሰዓት ብቻ ነው የዋልነው።

ስለዚህ ከቤት ለሚሠራ ሰው ቦታ ስትፈልጉ "ደስ ይላል ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያኑ ሰዎች ያገኛል ወይ?" በሉ። ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ያበጥራል። ኮንሰርት፣ ትልቅ ዝግጅት፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ "የትውውቅ ምሽት" የሚባለው ነገር ሁሉ ይወድቃል። የትውውቅ ምሽት በተለይ ለብቸኛ ሰው ከሁሉ የከፋው ነው እላለሁ። ብርጭቆ ይዞ መቆም፣ "ምን ትሠራለህ?" መባባል፣ ከዚያ ላለመገናኘት መለያየት። ካፌ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ላፕቶፕ ላይ መድፋትም ብዙ አይጠቅምም። የግድግዳው ቀለም ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ብቻውን ነው። ጂምም እንዲሁ፤ ቋሚ ሰዓት ያለው የቡድን ክፍል ካልሆነ።

የጋራ መሥሪያ ቦታስ? ኮወርኪንግ የሚባለው። የመጀመሪያው የሚባለው ብራድ ኑበርግ የተባለ ፕሮግራመር በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የከፈተው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ማንም አልመጣለትም። ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ይዘጋል። ዛሬ በዚያው ስም የሚጠሩ ብዙ ቦታዎች የሚያከራዩት ወንበርና ዋይፋይ ነው። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሂዱና እዩ። ሰዎቹ አብረው ከተነሱ ተከራዩ። እያንዳንዱ በየጠረጴዛው ስክሪኑን እያየ ከበላ ቤታችሁም ያው ነው።

ሁለተኛው ማበጠሪያ ሥራ ነው። እጅ የሚያዝበት ነገር ይኑር። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፉ የወንዶች የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። መሪ ሐሳባቸው ወንዶች የሚያወሩት ፊት ለፊት ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ነው የሚል ነው። እኔ ለሴቶችም እውነት ይመስለኛል። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ማረፊያ ያገኛል፤ ዝምታውም አያሳፍርም። ፓርክረን የሚባለው የቅዳሜ ጠዋት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም እንዲሁ ነው። በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሯጮች ናቸው የጀመሩት። ዛሬ በብዙ አገር በየሳምንቱ ይካሄዳል። የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መሮጥ የማይችል ሰዓት ይይዛል ወይም መታጠፊያው ላይ ቆሞ መንገድ ያሳያል።

ምን ዓይነት ሥራ ይሁን ለሚለው ብዙ አትጨነቁ። በ2015 የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት አዋቂዎች የሚማሩባቸውን የመዝፈን፣ የእጅ ሥራና የድርሰት ክፍሎች ለሰባት ወር ተከታተለ። አብረው የዘፈኑት ከሌሎቹ ቀድመው ተቀራረቡ። ሰባቱ ወር ሲያልቅ ግን ሌሎቹም ደርሰውባቸው ነበር። ዘፈን መንገዱን ያሳጥራል እንጂ የሚያደርሰው መመላለሱ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው ለእህቱ ያደረገውን ልንገራችሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ደንበኞቿ በሙሉ በኢሜይል ነው የሚያገኟት። አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የተቀዳደዱ መጻሕፍት የሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ወንድሟ "ውጪ" አላላትም። "ቅዳሜ ሰው አንሷቸዋል፣ አብረን እንሂድ" ነው ያላት። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆመች። ማን ጋ እንደምትሄድ ግራ ገባት። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቀና ሳይሉ ብሩሽና ሙጫ፣ ጀርባው የተገነጠለ የልጆች መጽሐፍ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ ሴትዮዋ "ሙጫው በዛ፣ ልጄ" አሏት። የመጀመሪያው ጨዋታ ይኼ ነው። ቤት ስትገባ "ሰዎቹ ዝም ናቸው" አለች። ሳምንት ሄደች። በሦስተኛው ልትቀር ነበር፤ ወንድሟ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አራተኛው ላይ እሱ ቀረ፤ እሷ ሄደች።

ቀድማ ስለምትደርስ ከጊዜ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ ሰጧት። አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዟት ተኛች። ስልኳ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው ሰው "ምነው ደህና ነሽ?" አላት። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛው "ቁልፉ አንቺ ጋ ነው እንዴ? በር ላይ ቆመናል" አላት። ከሦስቱ የቱ ነው ደስ ያለሽ ብላት "የቁልፉ" አለችኝ። የሚፈልጓት ለቁልፉ ቢሆንም ይፈልጓታላ!

አስቂኝ ነው፤ ግን አስቡበት። ሰው እንግዳ ሆኖ የሚቀረው የሚጠበቅበት ነገር ሲጠፋ ነው። ወንበር የሚደረድረው፣ ስም የሚመዘግበው፣ ቁልፍ የሚይዘው ሰው ቤተኛ ነው። ተግባቢ መሆን አይጠበቅበትም። ጨዋታ አዋቂ መሆን አይጠበቅበትም። ቢቀር ሥራው ይጎድላል፤ ስለዚህ ይጠየቃል።

ሰው መርዳት የምትፈልጉ የወንድምየውን አካሄድ ልብ በሉ። ብቸኝነቷን አላነሳባትም፤ ሰው መፈለጉን ነው የነገራት። በር ድረስ አብሯት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው በሚሰለችበት ሰዓት፣ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ዞር አለ። ይህቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ዞር ማለት ከባድ ናት። አብራችሁት እየሄዳችሁ ከቀጠላችሁ ከእናንተ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው።

አለቆች ካላችሁ አንድ ቃል። ማይክሮሶፍት ከ61 ሺህ በላይ ሠራተኞቹን አይቶ በ2021 ባሳተመው ጥናት ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምር ሰዎች ከራሳቸው ቡድን ውጪ ካሉት ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ በሩብ ገደማ ቀንሷል። ያንን በግዴታ የቪዲዮ ጨዋታና ጥያቄና መልስ አትመልሱትም፤ ሰው ያንን የሚቆጥረው እንደ ተጨማሪ ሚቲንግ ነው። ይልቅ ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቋሚ ሰዓት ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ፍቀዱለት፤ በዚያ ሰዓት ላይ ሚቲንግ አትጥሉበት። ወጪ የለውም። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ማክሰኞ ከሰዓት ኳስ ሊጫወት የሚሄድ ሰው ዓርብ ላይ ሥራውን ከሚለቅ ሰው ይሻላል።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል። ከተነሱት ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

አንድ ወጣት "ዓይናፋር ነኝ፤ ሰው የሞላበት ክፍል መግባት ያስፈራኛል" አለ።

ቀድመህ ድረስ። አርፍዶ የመጣ ሰው የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ነው የሚገባው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ግን ሌሎቹ አንድ በአንድ ይመጡለታል። ደግሞ ወንበር መደርደር ላይ ትደርሳለህ፤ እዚያ ላይ ወሬ ራሱ ይመጣል። የመውጫ ሰዓትህንም አስቀድመህ ለራስህ ወስን። መውጫው የታወቀ ነገር ብዙ አያስፈራም።

"የኦንላይን ጓደኞቼ አይቆጠሩም ማለትህ ነው?" አለች አንዲት ሴት።

ኧረ ይቆጠራሉ። ልብሽን የምትጥይባቸው ከሆኑ ከዋይስ ሁለት ጉድጓዶች አንዱን ሞልተውልሻል። ሁለተኛውን ግን ከብዷቸው ይሆናል፤ መንገድ ላይ አያገኙሽማ። ከመካከላቸው አንድ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ካለ በወር አንድ ቀን፣ ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ቦታ ቅጠሪው። "አንድ ቀን እንገናኝ" አትበዪው። አንድ ቀን የሚባል ቀን የለም።

"ሄጄ አልተቀበሉኝምስ?" የሚል ጥያቄም ነበር።

ይህ ይኖራል፤ ሁሉ ነገር በጭንቅላታችን ውስጥ ነው ብዬ አልዋሽም። ሰው የማያስገባ ቡድን አለ። የድሮ ጓደኛሞች ብቻ ተሰባስበው ለሌላው ቦታ ያልተዉበት። አንድ ወር ያህል ሂዱ። ከዚያ በኋላ ስማችሁን የሚያውቅ ወይም ትንሽ ሥራ የሰጣችሁ ሰው ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እምቢ ያሉት እናንተን ሳይሆን አዲስ ሰውን ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ተነሱ። "ልጄ ከክፍሉ አይወጣም። ሥራውን ይሠራል፣ ገንዘብም ያገኛል። ስለዚህ ነገር ሳነሳበት ይቆጣል። ምን ላድርገው?"

እናቴ፣ እንቅልፉን ይጠይቁ መጀመሪያ። የማይተኛ፣ ምግብ የሚተው፣ "መኖር ምን ያደርጋል" የሚል ከሆነ እኔ ያልኩት ሁሉ ይቆይና ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ያ ብቸኝነት ብቻ አይደለም።

"ኧረ ይተኛል፣ ይበላልም። ብቻውን ነው እንጂ።"

እንግዲያው ምን ይችላል?

"ኮምፒውተር ይጠግናል።"

እርስዎ የሚሄዱበት ማኅበር ወይም የሰፈር ስብስብ የለም?

"አለ። ኮምፒውተራቸው ግን ከተበላሸ ቆየ።"

በሉ እሱን ይንገሩት። ስለ ብቸኝነት አንድ ቃል እንዳያወጡ። ኮምፒውተሩንም ቤት እንዳያመጡለት፤ እዚያው ሄዶ ይሥራው። ማኅበሩ እንዳይከፍለው ደግሞ አደራ፤ ከከፈሉት ሌላ ደንበኛ ይሆኑበታል። ሲጨርስ ከመካከላቸው አንዱ "በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አጠቃቀሙን ታሳየናለህ?" ይበለው። ያንን ጥያቄ እርስዎ አይጠይቁት፤ ሌላ ሰው ይጠይቀው።